ደግመው አልጠየቋትም

እንቅልፍ ሲለምኑት አይመጣም፤ ሳይለምኑት ግን መሪ ላይ ይመጣል። ይህን ከእሷ ይበልጥ የሚያውቅ ያለ አይመስላትም። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሠራተኛውን ሁሉ በየሥራው ታደርስና፣ ረፋዱ ላይ አውቶቡሷን አቁማ እስከ ማታው ግርግር ድረስ ወደ ቤቷ ትላካለች፤ ፈረቃዋ እንደ ደረቀ ሳሙና ከመሃሉ የተሰነጠቀ ነው። መሥሪያ ቤቱ ይህን እረፍት ይለዋል። እረፍትንስ እሷ ታውቃለች፤ ይህ ግን በቀትር ፀሐይ አልጋ ላይ ወጥቶ፣ የደንብ ልብሱ ሱሪ እንዳይጨማደድ እንደ ሬሳ ቀጥ ብሎ መጋደም ነው። መጋረጃው ስስ ነው። የታችኛው ቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን እየተንገጫገጨ አልጋዋን ከሥር ያንቀጠቅጠዋል፣ መንገድ ላይ አንድ ሰው የጭነት መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ ያ ጢጥ ጢጥ የሚለው ድምፅ ይሰማል፣ እግሯም ሳታዝዘው ፍሬን ይፈልጋል። ዓይኗን ትጨፍናለች። ዓይኗን ስትጨፍን ትናንት ማታ ይመጣል፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ዞሮ ያያት ያ ሁሉ ፊት፣ ከዚያ የገዛ አፏ። «ኧረ እኔ ምን አውቄ! ከእኔ የሚሻል ስንት ሰው አለ።» አፍ አይደለም፣ ጠላት ነው። ትገላበጣለች። ሱሪውም ይጨማደድ፣ ገደል ይግባ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰፈሩ በወረዳው ምክር ቤት አንድ ወንበር አለው። ወንበሩ ላይ ብዙ ዘመን የተቀመጡት ሰው ሰፈር ለቀቁና፣ ምርጫው ሲቃረብ ነዋሪው «ድምፃችንን ከምንበታትነው አንድ ሰው መርጠን እናቅርብ» ብሎ ተሰበሰበ። እሷን ጎትተው የወሰዷት እትዬ ባለውሻ ናቸው። በሯ ፊት ለፊት የሚኖሩ ብቸኛ አሮጊት ናቸው፤ ስማቸውን ታውቀዋለች፣ ግን ለምላሷ አልገራ ብሎ በልቧ ያወጣችላቸው ይህንን ነው። ውሻቸው ከእሳቸው ይበልጥ አርጅቷል፣ ደረጃውን የሚወርደው ታቅፈውት ነው። «እኔ እንግዳ ነኝ፣ በሰው አገር ምርጫ ምን አገባኝ» ብትላቸው ውሻውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩና «እዚህ አምስት ዓመት የኖረ ሁሉ ለወረዳው ይመርጣል፣ ይመረጣልም። ቆሻሻሽን የሚያነሳው ወረዳው ነው፣ የመንገዱን መብራት የሚያበራልሽ ወረዳው ነው። ቆሻሻው ፓስፖርት ጠይቆሽ ያውቃል?» አሏት። ሳቀች፣ ተከተለቻቸው፣ የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯ ድረስ ደርሶ ተቀመጠች። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡት መምህር ነበሩ፣ ድሮ በዚያው አዳራሽ ሒሳብ ያስተማሩ፣ አሁንም ሰው ሲንሾካሾክ ንግግራቸውን አቋርጠው የሚጠብቁ። «ማንን እናቅርብ?» ሲሉ እትዬ ባለውሻ ከነውሻቸው ተነሱና «ይቺ ሾፌራችን ትሁን! ሰፈሩን ከነጉድጓዱ የምታውቀው እሷ ናት» አሉ።

ልቧ ዘለለ። ከደስታ የተነሳ ጆሮዋ ጭው አለ። አፏ ግን ያደገበትን ሥራ ሠራ። ደግሞስ ምን ሊል ኖሯል? እዚያ ባደገችበት ቤት ሰው ምሳ ብላ ሲባል እንኳ «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ሆዱ እየጮኸ፤ ከዚያ ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳው «በጭራሽ» ይላል፣ ባለቤቱ «አፈር ስሆን» ብሎ ይነሳል፣ ያኔ እንግዳው እየተግደረደረ ወደ ገበታው ይጠጋና ሦስት ሰው የሚበላውን ይበላል። የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም፤ ሰው ሊናገር ሲል ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ነው። እሷም ጉሮሮዋን ጠረገች። አንገቷን ደፍታ፣ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠበቀች። ሁለተኛውን «እንግዲህ ካላችሁ…» ልትለው፣ ሦስተኛውን እሺ ልትለው፣ ሁሉንም አዘጋጅታለች። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካከሉና «በጣም እናመሰግናለን። ውሳኔሽን እናከብራለን» አሉ። አከበሩት! አንድም ሰው በሞቴ አላለም፣ አንድም ሰው ከወንበሩ ብድግ አላለም፣ ሰው ሊለምናት ሲገባው ሰው አከበራት፣ በክብር ቁጭ አደረጋት። ወዲያው የሰፈሩ ስፖርት ቤት ባለቤት፣ ያ ባለጂሙ ጎረምሳ፣ ማንም ስሙን ሳያነሳ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ ብሆን ደስ ይለኛል፣ ለዚህ ሥራ ጥሩ ሰው ነኝ ብዬ አምናለሁ» አለ። ለራሱ! በገዛ አፉ! ምድር ተሰንጥቃ አልዋጠችውም። እንዲያውም አጨበጨቡለት። እሷም አጨበጨበች፣ ሌላ ምን ታድርግ።

ፈልጋው ነበር። የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ባትፈልገው ኖሮ አሁን ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ምን እንደምትፈልግ ሰው ቢጠይቃት ደግሞ መልሱ ያሳፍራል፣ የምትፈልገው ሽንት ቤት ነው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ አውቶቡሶቹ ዞረው የሚመለሱበት ሜዳ ጥግ፣ የወረዳው አንዲት ሽንት ቤት አለች። በሯ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ወረቀቱ በፀሐይ ገርጥቶ ራሱ ጥገና ይፈልጋል። ወንዶቹ ሾፌሮች ከግንቡ ጀርባ ዞር ይላሉ፣ ለእነሱ አገሩ ሁሉ ሽንት ቤት ነው። እሷ ጠዋት ከንፈሯን ብቻ አርሳ ትወጣለች። ውሃ አትጠጣም፣ ሻይ አትጠጣም፣ በበጋ እንኳ ምላሷ ትናጋዋ ላይ እየተጣበቀ ትነዳለች። እርጉዝ ሴት ፌርማታው ላይ ወርዳ ዙሪያዋን ስትቃኝ በመስታወት ታያለች፤ አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን ሳይደርሱበት ቀርተው የኋላ ወንበር ላይ ሲያለቅሱ አይታለች፣ አውቶቡሱን አቁማ ጃኬቷን አልብሳቸው እቤታቸው ድረስ ሸኝታቸዋለች። ባለፈው ጎኗን ሲወጋት ሐኪሙ «ኩላሊትሽ ነው፤ ውሃ ጠጪ» አላት። «ጠጥቼስ የት ልሂድ?» አለችው። ሐኪሙ ጽፎ የሚሰጣት ሽንት ቤት አልነበረውም።

መሥሪያ ቤቷን ጠየቀች፣ «የወረዳው ነው» አሏት። ወረዳውን ጠየቀች፣ «የምክር ቤቱ ውሳኔ ነው» አሏት። እሷም አንድ ቀን በዚሁ በተሰነጠቀው እረፍቷ፣ ከነደንብ ልብሷ፣ ወደ ምክር ቤቱ ስብሰባ ሄዳ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ይፈቀዳል፣ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል፣ ግን ከእሷ በቀር የመጣ አልነበረም። ትልቅ ነገር የምታይ መስሏት ነበር፣ ዘብ፣ ባንዲራ፣ የሚያስፈራ ድምፅ። ያየችው እንደ ማንኛውም ሰው ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ሹራብ ትሠራለች። መናፈሻው ውስጥ ያሉት አግዳሚዎች አረንጓዴ ይቀቡ ወይስ ቡናማ በሚለው ላይ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ የመጨረሻው ፌርማታ ሽንት ቤት ተነሳ። አፈ ጉባኤዋ «የሰፈሩ ተወካይ የሚሉት አለ?» ብላ ወደ አንድ ወንበር ዞረች። ወንበሩ ባዶ ነበር። ሰውየው ያኔ ሰፈር ሊለቁ ዕቃ ሲያሽጉ ነበር፣ ኋላ ነው የሰማችው። «የሉም» ተባለ፣ ጥቂት እጅ ወጣ፣ «እንደተዘጋ ይቆይ» ተባለ፣ ሹራብ የምትሠራዋ እንኳ ከክሯ ቀና ሳትል እጇን አወጣች። በቃ። እዚያ ኋላ ሆና «እኔ አለሁ! እኔ አለሁ!» ማለት አማራት፣ ከአግዳሚ ላይ ግን መናገር አይፈቀድም። ወደ አውቶቡሷ ስትመለስ እንዲህ ታስብ ነበር፣ እስካሁንም ታስባለች፤ ይህን ያህል ጊዜ ከንፈሬ የተሰነጠቀው፣ ጎኔን የወጋኝ፣ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ስላልነበረ ነው? የሚያስቅ ነገር ነው። የሚያስለቅስም ነው። ደግሞ፣ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ልቧ ትንሽ ሞቅ ይላታል፣ አንድ ሰው ባለመኖሩ ብቻ የተዘጋ በር አንድ ሰው ሲኖር ይከፈት ይሆናላ። ባለጂሙ ግን ሽንት ቤቷን አስፈርሶ ቦታው ላይ የስፖርት ብረቶች ሊያስተክል ነው፣ ትናንት ደረቱን ነፍቶ ተናግሯል። ክፉ ልጅ አይደለም። አውቶቡስ ተሳፍሮ አያውቅም እንጂ።

ልብስ ማጠቢያው ይቆማል። ዝምታው ይብሳል። አባቷ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው» ይሉ ነበር፣ ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ድምፁን እየቀነሱ። እሳቸው ግን አንድ ጊዜ የቧንቧ ኮሚቴ ሆነው ተመርጠዋል፤ ቧንቧ ፖለቲካ አይደለም ብለው ነው። ሦስት ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው ሲለምኗቸው ታያቸዋለች፣ እሷ በሩ ሥር ቁጭ ብላ እግሯን እያከከች፣ አባቷ «ኧረ እኔ አልችልም፣ ዕድሜዬም ሄዷል» ይላሉ፣ ገና ጥቁር ፀጉራቸው ያብረቀርቃል። በማግስቱም መጡ። እምቢ። በሦስተኛው ቀን አባቷ ከበር ድምፅ ሲሰሙ ከመደብ ላይ ተነስተው ኮታቸውን ለብሰው ነበር። ምነው አሁን እዚህ ቢሆኑና «አንቺ ልጅ፣ እምቢታ እኮ ወዳጅ መሀል ነው» ቢሏት። ሲሞቱ አልነበረችም። ጋራዥ ውስጥ ቆማ በስልክ ነው የሰማችው፣ ያን ቀን ማታ ደግሞ ፈረቃዋን ሠርታለች፣ ለማን ትንገረው፤ ተሳፋሪው ካርዱን እያሳያት «እንደምን አመሸሽ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች ነዳች። ይህ ነገር በቀን ስትጋደም ይመጣባታል። ስልኩን ታነሳለች።

«ሃሎ! ሃሎ! ማነው?» እናቷ ርቀቱን በጉሮሮዋ የምትሸፍነው ይመስል ትጮኻለች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ውይ ጭምቷ! በዚህ ሰዓት? ማን ሞተ?»

ጭምቷ የቤት ስሟ ነው። ልጅ ሆና እንግዳ ፊት ቃል ስለማትተነፍስ ሰው ሁሉ እያመሰገነ ያወጣላት ነው፤ እስከዛሬ እንደ ሜዳልያ ይዛው ኖራለች።

«ማንም አልሞተም። ድምፅሽን ልሰማ ነው።»

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።» አልበላችም። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንባዋ መጣና ሁሉንም ነገረቻት። አዳራሹን፣ መምህሩን፣ «ውሳኔሽን እናከብራለን» ያሉትን፣ ባለጂሙን። እናቷ እያቋረጠች «ታዲያ አንዳቸው እንኳ በሞቴ አላሉሽም? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» ትላለች። «ለመሆኑ ብትመረጪ ሥራሽ ምንድነው? ሚኒስትር ትሆኛለሽ?»

«ኧረ እማዬ። የሰፈር ነው። ሽንት ቤት ላስከፍት ነው።»

«ምን?»

«ሽንት ቤት!»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። «ባሕር ተሻግረሽ፣ አገር አቋርጠሽ፣ ለሽንት ቤት! ይህንንማ ለጎረቤት አልናገርም።» ሳቁ እየደከመ ሄዶ ቆመ። «ቆይ» አለች እናቷ፣ በሌላ ድምፅ። «ከዘጉባችሁ አንቺ የት ነው የምትሄጂው?»

«የትም አልሄድም። ውሃ አልጠጣም።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

ይህን ስንት ዘመን ደብቃታለች። በየእሁዱ «ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል፣ ወፍሬያለሁ» እያለች፣ ጎኗን በእጇ ደግፋ። አሁን እናቷ ልትቆጣ ነው ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን «እኔንም አንዴ ጠይቀውኝ ያውቃሉ» አለች።

«ምኑን?»

«ኮሚቴ ሁኚ ብለው ነዋ። ከአባትሽ የኮሚቴ ዘመን በኋላ። የሴቶች ወንበር አለ ተባለና በሬ ላይ መጡ። እኔም እንደ ወጉ ‹አይ፣ እኔ የጓዳ ሰው ነኝ› አልኩ። ሄዱ። ደግመው ይመጣሉ ብዬ ቀሚሴን አጥቤ፣ ደጄን ጠርጌ ሰነበትኩ። የውሻ ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ነጠላዬን አስተካክላለሁ። አባትሽን ሦስት ጊዜ ለመኑት፣ እኔን አንዴ። ሴት እምቢ ስትል የሰሟት ያን ቀን ብቻ ነው።»

«አልነገርሽኝም እኮ!»

«ምኑን ልንገርሽ? ሳልፈልግ ቀረሁ እንዳልል ፈልጌያለሁ፣ ፈልጌ ቀረሁ እንዳልል እምቢ ያልኩ እኔው። ያቺ ከንፈረ ወፍራም ጎረቤታችን ገባችበትና ቧንቧውን በራሷ ደጅ አወጣችው። አንቺ ከእኔ ጋር ባልዲ ተሸክመሽ የእሷ ደጅ ድረስ ስትሄጂ አላስተዋልሽም? ያ መንገድ የእኔ እምቢታ ነው ልጄ።»

አስተውላ አታውቅም። ያንን ዳገት ታስታውሳለች፣ የባልዲው እጀታ መዳፏን ሲቆርጠው፣ ከፊቷ የእናቷን ተረከዝ፤ ዳገቱ ከፍጥረቱ ጀምሮ እዚያ የነበረ፣ ቧንቧውም እዚያ የበቀለ ይመስላት ነበር።

«ሂጂና እፈልጋለሁ በያቸው» አለች እናቷ።

«ያሳፍራል እማዬ።»

«አዎ ያሳፍራል። አፍረሽ ተናገሪ። ማፈር አይገድልም፣ ውሃ መከልከል ነው የሚገድል።» ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። «ሃሎ? እነሱ ካላሉሽ እኔ እልሻለሁ። በሞቴ! አፈር ስሆን! ትሰሚኛለሽ? ባልቀብርሽ፣ ብትቀብሪኝ…» መስመሩ ተቋረጠ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ የተጨማደደ ሱሪዋን እያየች፣ እንደ ልጅ እየተነፋረቀች ሳቀች።

የመምህሩ ቤት ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። ደረጃውን ስትወጣ የምትለውን ታሰላስላለች፣ መጀመሪያ ስለ ጤናቸው፣ ከዚያ ስለ አየሩ፣ ከዚያ እግረ መንገዷን… በሩን ከፈቱ። በግራ እጃቸው የአበባ ውሃ ማጠጫ ይዘዋል፣ ሸሚዛቸው በአንድ ቁልፍ ተዛንፏል። የተሰለፈው ቃል ሁሉ በመስኮት በረረ።

«ትናንት እምቢ ያልኩት እምቢ ማለቴ አልነበረም» አለች።

መምህሩ አዩዋት። «እምቢ ብለሽ ነበር እኮ። ሁላችንም ሰምተናል።»

«ሰምታችኋል። እኛ ዘንድ ግን መጀመሪያ እምቢ ይባላል። ከዚያ ጠያቂው ደግሞ ይለምናል።»

«ስንት ጊዜ?» የሒሳብ ሰው ናቸውና ቁጥሩን ፈለጉ።

«እንደ ሰዉ ነው።»

ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቀስ እያለ ነገሩ ገባቸው፣ ደነገጡም። «እኔ እኮ ልለምንሽ ፈልጌ ነበር። ግን እኛ ዘንድ እምቢ ያለን ሰው መጨቅጨቅ ነውር ነው፣ በተለይ ሴትን፣ በተለይ በሕዝብ ፊት። ተጫንኳት እንዳይሆን ብዬ ነው ቶሎ ያለፍኩት።» እንግዲህ ይታያችሁ፤ እሷ በጨዋነት እምቢ ስትል እሳቸው በጨዋነት አለፏት፣ ሁለት ጨዋዎች ተገናኝተው ወንበሩን ለባለጂሙ ሰጡት። ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ሳቁ። «አሁን ልለምንሽ?» አሉ መምህሩ፣ የምር።

«አይ፣ አይለምኑኝ።» አየር ሳበች። «እፈልጋለሁ። እኔ ልቁም።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጉንጯ እሳት ሆነ፣ ልጅ ሆና ስኳር ስትሰርቅ የተያዘች ቀን እንዲህ ነበር። ሰማይ ግን አልተደፋም። መምህሩ ገብተው ውሃ አመጡላት፣ «ትጠጫለሽ?» አሏት፣ እሷም አዎ ብላ ጭልጥ አደረገችው። ከዚያ ነገሩን አስረዷት። እሳቸው ብቻቸውን ማንንም መቀየር አይችሉም፤ ለልጁ ተጨብጭቦለታል። ዛሬ ማታ ግን ሰፈሩ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ስሙም ለወረዳው የሚሰጠው ገና ነገ ነው። «ተነሽና ለሁሉም ንገሪያቸው። ከዚያ እጅ እናስወጣለን። የምነግርሽ አንድ ነገር ነው፤ ትናንት ያልሽውን ‹ከእኔ የሚሻል አለ› የሚለውን አትድገሚው፣ ያምኑሻል።»

የማታው ፈረቃ እንዴት እንዳለቀ አታውቅም። ያንን ብርጭቆ ውሃ የጠጣችበትን ሰዓት ረገመች፤ መጨረሻው ፌርማታ ላይ የተቆለፈው በር ፊት እግሯን አጣብቃ ቆማ፣ ኋላም ከሜዳው ማዶ ያለው ሻይ ቤት ገብታ ባለቤቱን ለመነች፣ ባለቤቱም «ለደንበኛ ብቻ ነው» ብሎ ሻይ አስገዛት፤ ሻዩን ሳትነካው ወደ ሽንት ቤቱ ሮጠች። አዳራሹ ስትደርስ ተጀምሯል። ባለጂሙ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የስፖርት ብረቶቹን እየሳለ ያስረዳል፣ ሥዕሉም ያምራል፣ ሰዉም ራሱን ይነቀንቃል። እትዬ ባለውሻ የፊት ወንበር ላይ ናቸው፣ ውሻቸው ጭናቸው ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል። መምህሩ አዩዋትና ልጁ ሲጨርስ «አንድ ሰው መናገር ትፈልጋለች» አሉ። ስሟን አልጠሩም፣ ወደ እሷም አላዩም፤ ለእሷ ተዉት።

ትነሳለች። ጉልበቷ ከሕፃናቱ ጠረጴዛ ጋር ይጋጫል። «ትናንት ጠይቃችሁኝ እምቢ ብያለሁ» ትላለች። «ዋሽቼ ነው። እፈልጋለሁ።» ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። የሚቀጥለው ቃል ጭራሽ ጠፋባት፣ ባዶ፣ እንደዚያ ምክር ቤት ወንበር። ስለዚህ የምታውቀውን ተናገረች። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንደማትጠጣ ነገረቻቸው። ስለ ጎኗ ነገረቻቸው፣ በሰው ፊት፣ በሰው አገር፣ ስለ ሽንቷ! እማዬ ይህን ብትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። ስለ ሽማግሌው ማንነታቸውን ሳትናገር ነገረቻቸው። ምክር ቤቱ ሄዳ ያየችውን፣ አፈ ጉባኤዋ ወደ ወንበሩ ስትዞር ማንም እንዳልነበረ ነገረቻቸው። «እኔ ትልቅ ነገር አልችልም። እዚያ ወንበር ላይ ግን አልጠፋም። አፈ ጉባኤዋ ስትዞር አለሁ እላለሁ። ለዚህ እኔን እንድትመርጡኝ እፈልጋለሁ።» ይኸው፣ ተናገረችው። እኔን አለች። ቁጭ አለች።

ባለጂሙ በትህትና እጁን አውጥቶ «ሐሳቡን አከብራለሁ፣ ግን ለሰፈሩ ጤና ስፖርት ይበልጣል» አለ። እትዬ ባለውሻ ወደ እሱ ዞሩና «ልጄ፣ ስፖርት የሚሠራ ሰው አይሸናም?» አሉት። ሳቅ ሆነ። ልጁም ሳቀ፣ ጆሮው ቀላ። መምህሩ በእርሳስ ጠረጴዛውን መቱ። «እንግዲህ እጅ እናውጣ። ሁለቱም እዚሁ ነዋሪ ናቸው፣ ሁለቱም መምረጥ ይችላሉ። መጀመሪያ ሾፌሯን የምትደግፉ።»

ማንም እጁን አላወጣም።

ያቺን ዝምታ አወቀቻት። እዚያም ቤት ያለች፣ እዚህም ቤት ያለች ዝምታ ናት፤ አንዱ ሌላውን ያያል፣ ሌላው ጣራውን ያያል፣ ትናንት ለልጁ ያጨበጨበ ሰው ዛሬ ቀድሞ እጁን ማውጣት ያፍራል፣ ሁሉም ሌላ ሰው እስኪጀምር ይጠብቃል። ይሉኝታ ለካ የእኛ ብቻ አይደለም። እትዬ ባለውሻ ሁለት እጃቸው ውሻው ሥር ተቀብሮ «ተነስ አንተ፣ ተነስ እንጂ» እያሉ ይታገሉታል። የእሷ እጅ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ለራስ እጅ ማውጣት! ባለጂሙ ሊያደርገው ይችላል፣ ሰው ግን እንዴት ለራሱ… መዳፏን አየችው፣ በመሪ የጠነከረ መዳፍ። ጭምቷ፣ ጭምቷ የኔ ልጅ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ናት። አንቺ ወንበሩን ትፈልጊያለሽ፣ ሰውም አንቺን ይፈልጋል፤ አሁን ካላወጣሽ ግን ሁላችሁም በጨዋነት ቁጭ ብላችሁ በሩ እንደተቆለፈ ይቀራል። እጇ ከጭኗ ተነሳ። ባልዲ የያዘ ያህል ከባድ ነበር፣ ፊቷ ነደደ፣ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች፤ እጇን ግን ከራሷ በላይ ቀጥ አድርጋ አወጣችው፣ ደግማ አላሰበችም፣ አላወረደችውምም።

«አንድ» አሉ መምህሩ፣ በእርሳሳቸው ወደ እሷ እያመለከቱ።

ከኋላዋ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። አልዞረችም። ውሻው ተቆጥቶ ሲጮኽ ሰማች፣ ከግራዋ የሰው እጅጌ ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«ሁለት» አሉ መምህሩ። «ሦስት። አራት…» ቆሙ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ፣ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ኧረ ቀስ በሉ፣ እጃችሁን አታውርዱ፤ ገና እየቆጠርኩ ነው።»